ሦስት ስምንተኛ ወይስ አምስት ስምንተኛ? የማይክሮፎን መቆንጠጫና አዳፕተር ሲመረጥ

አንድ አዛውንት በገና ደርዳሪ ድምፃቸው እንዲቀረጽ ፈቃደኛ ሆነዋል እንበል። ቀራጩ ጥሩ ማይክሮፎን ተውሶ፣ የመቅጃውን ባትሪ ሞልቶ፣ ረጅም መንገድ ተጉዞ ከደጃቸው ደርሷል። ማይክሮፎኑን ከመቆሚያው ላይ ሊያስር ሲል ግን የመቆሚያው ጫፍ ቀጭን፣ የማቀፊያው ቀዳዳ ደግሞ ሰፊ ሆኖ ያገኘዋል። በመካከላቸው መግባት የነበረባት፣ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማትበልጥ የናስ ቀለበት ቤት ቀርታለች። ማይክሮፎኑ በፕላስተር ይታሰራል። ፕላስተሩ ቀስ እያለ ይለቅና ማይክሮፎኑ በመዝሙሩ መካከል ያዘነብላል፤ ሲብስም ከወለሉ ጋር ይጋጫል። አዛውንቱ በዚያው ስሜት ዳግመኛ ይደረድሩ እንደሆነ እርግጠኛ መሆን አይቻልም።

ማይክሮፎን ሲገዛ ስለ ድምፁ ጥራት፣ ስለ ዋጋውና ስለ ስሙ ብዙ ይጠየቃል። ማይክሮፎኑን በቦታው የሚያቆሙት ትንንሽ ብረቶች፣ ማለትም ማቀፊያው፣ መቆንጠጫውና አዳፕተሩ የሚታሰቡት ግን መጨረሻ ላይ ነው። በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ ችግሩ አንድ ተጨማሪ መልክ አለው። አንዱ መቆሚያ ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የመጣ፣ ሌላው ከዱባይ የተገዛ፣ ሦስተኛው ከአውሮፓ በእርዳታ የተገኘ ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም በአንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው አብረው እንዲሠሩ ይጠበቃል።

ሦስቱ ፊለቶች

በጋራዥና በቶርኖ ቤት ቋንቋ «ፊለት» የሚባለው የቡሎንና የዳዶ ጠመዝማዛ ጥርስ የጉዳዩ ሁሉ መነሻ ነው። በድምፅ ቀረጻ ዓለም በብዛት የሚያጋጥሙት ሦስት ዓይነት ናቸው።

የመጀመሪያው 5/8 ኢንች ሲሆን፣ ስፋቱ 15.9 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ኢንች ርዝመት ውስጥ 27 ጥርስ ስላለው በጣም ደቃቅ ፊለት ነው። በአሜሪካ የሚሠሩ መቆሚያዎች ጫፍ ላይ የሚገኘው ይኸው ነው። ሁለተኛው በአውሮፓ የተለመደው 3/8 ኢንች ነው፤ ስፋቱ 9.5 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ጥርሱም ሻካራ፣ በአንድ ኢንች 16 ነው። እንደ ጀርመኑ ኬኒግ ኡንድ ማየር ያሉ ስመ ጥር የመቆሚያ አምራቾች የሚጠቀሙበት ይህንኑ ነው። ሦስተኛው 1/4 ኢንች ወይም 6.35 ሚሊ ሜትር፣ በአንድ ኢንች 20 ጥርስ ያለው የካሜራ ፊለት ነው። ጋዜጠኞችና ፖድካስት አዘጋጆች የሚይዟቸው ትንንሽ የእጅ መቅጃዎች ከጀርባቸው ያለው ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ ይህ ነው።

የልዩነቱ ሥር ሩቅ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆሴፍ ዊትዎርዝ በ1841 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አገሩ አንድ ወጥ የፊለት ልክ እንዲኖራት ሐሳብ አቀረበ፤ የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ ነበር። አሜሪካዊው ዊልያም ሴለርስ ደግሞ በ1864 ባለ 60 ዲግሪውን የራሱን ልክ ይዞ መጣ። ደግነቱ በ3/8 እና በ1/4 ኢንች ላይ ሁለቱም ሥርዓቶች የጥርሱን ብዛት እኩል ስላደረጉት፣ ለመቆሚያ ያህል አንዱ በሌላው ውስጥ ያለ ችግር ይገባል። 5/8 ግን ዘመድ የለውም። ከሌሎቹ ጋር የሚያስታርቀው አዳፕተር ብቻ ነው።

አዳፕተር ሲገዛ ስፋቱን ብቻ ሳይሆን የትኛው ጎን ወንዴ፣ የትኛው ሴቴ እንደሆነ ማወቅም ያስፈልጋል። ከውጭ 5/8 ወንዴ፣ ከውስጥ 3/8 ሴቴ የሆነችው ቀለበት የአውሮፓን መቆሚያ ከአሜሪካ ማቀፊያ ጋር ታገናኛለች። ግንኙነቱ በተቃራኒው ሲሆን፣ ማለትም መቆሚያው 5/8 ሆኖ ማቀፊያው 3/8 ሴቴ ከሆነ፣ የሚያስፈልገው ከታች 5/8 ሴቴ፣ ከላይ 3/8 ወንዴ ያለው ረዘም ያለ ቁራጭ ነው። ሁለቱ በሱቅ መደርደሪያ ላይ አንድ ስም ይዘው ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ፤ አንዱ የሌላውን ሥራ ግን ፈጽሞ አይሠራም።

የጠፋች የምትመስለው ቀለበት

ብዙ ጊዜ «ፊለቱ ተበልቷል» ተብሎ የሚጣል ማቀፊያ በእርግጥ ጤነኛ ነው። የተለመዱት የፕላስቲክ ማቀፊያዎች ከሥራቸው ባለ 5/8 የናስ ቀዳዳ አላቸው፤ በዚያ ውስጥ ደግሞ ሌላ ቀለበት ተጠምዝዞ ገብቶ ቀዳዳውን ወደ 3/8 ያጠብበዋል። ቀለበቷ ከላይዋ እንደ ቪቴ ጭንቅላት የተሰነጠቀች ናት። በሰፊው ሳንቲም ወይም በካቻቢቴ ስንጥቋን ይዞ ወደ ግራ ማዞር ብቻ ማቀፊያውን ከአውሮፓዊ ወደ አሜሪካዊ ይለውጠዋል።

ቀለበቷ በደንብ ካልጠበቀች ግን ማቀፊያው ሲፈታ ከመቆሚያው ጫፍ ላይ ተጣብቃ ትቀራለች። በሚቀጥለው ቀን ሌላ ሰው ያንኑ ማቀፊያ ሲያነሳ ቀዳዳው ሰፊ ሆኖ ያገኘዋል። ስለዚህ ማንኛውንም ማቀፊያ ከመጣል በፊት የመቆሚያዎቹን ጫፍ አንድ በአንድ ማየት ይበጃል፤ የጠፋችው ብዙ ጊዜ እዚያው ናት።

የናስና የብረት አዳፕተሮች በዋጋ ከፕላስቲኮቹ ትንሽ ይበልጣሉ። ልዩነቱ ግን ሊቆጠብ የሚገባው አይደለም። የፕላስቲክ ጥርስ በብረት ጫፍ ላይ ደጋግሞ ሲጠብቅና ሲላላ ይላጫል፤ የሚለቀውም ከባድ ማይክሮፎን በተሸከመበት ሰዓት ነው።

ተመሳሳይ ቁጥር፣ የተለያየ ነገር

በዚህ አካባቢ ያሉ ገዢዎችን በተለይ የሚያሳስቱ ሦስት ወጥመዶች አሉ።

አንደኛው ከቧንቧ ሱቅ የሚመጣው ነው። በቧንቧ ሥራ «ሦስት ስምንተኛ» የሚባለው የቱቦውን ስም እንጂ የፊለቱን ስፋት አይገልጽም። የ3/8 ቧንቧ ፊለት የውጭ ስፋቱ 16.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም ከማይክሮፎኑ 3/8 ይልቅ ለ5/8 የቀረበ ነው። ቅርበቱ ይበልጥ አደገኛ ያደርገዋል። ጥርሱ በአንድ ኢንች 19 በመሆኑ ከ27ቱ ጋር አይገጥምም፤ በጉልበት ሲሞከር ሁለቱንም ያበላሻል።

ሁለተኛው ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ ነው። ኤም 10 የሚባለው የሜትሪክ ቡሎን 10 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በዓይን ከ3/8 አይለይም። የ3/8 ጫፍ በኤም 10 ዳዶ ውስጥ ላላ ብሎ ጥቂት ዙር ይገባል፤ ገጥሟል የሚል እምነትም ያሳድራል። የጥርሶቹ ርቀት ግን በአንዱ 1.5፣ በሌላው 1.59 ሚሊ ሜትር ነው። ከጥቂት ዙር በኋላ ይነክሳል፤ የሚይዘውም በጥቂት ጥርስ ጫፍ ብቻ ነው። በ1/4 እና በኤም 6 መካከልም ተመሳሳይ ማታለያ አለ።

ሦስተኛው የሚገኘው በቪዲዮ ባለሙያዎች መካከል ነው። የመብራት መቆሚያ ጫፍም «5/8» ይባላል፤ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው እንጨት መሰል ብረት ነው። ነገር ግን ለስላሳ ነው፤ ፊለት የለውም። የማይክሮፎን ማቀፊያ በቀጥታ አይገባበትም። ብዙዎቹ ግን ከዚህ ለስላሳ ብረት አናት ላይ 1/4 ወይም 3/8 ወንዴ ስላላቸው በአንዲት ቀለበት ይፈታል። የመብራት መቆሚያ ከማይክሮፎን መቆሚያ የበለጠ ረጅምና ጠንካራ ስለሆነ ይህን ማወቅ ጥቅሙ ብዙ ነው።

ጥርጣሬ ሲኖር ካሊፐር ይዞ መሄድ፣ ካልሆነም የሚታወቅ ጤነኛ ማቀፊያ ኪስ ውስጥ ከትቶ እሱን እያሽከረከሩ መፈተን ነው። ትክክለኛ ፊለት በሁለት ጣት ብቻ እስከ መጨረሻው ይገባል። ቁልፍ ወይም ፒንሳ ካስፈለገ የተሳሳተ ነው።

ክብደትና ርቀት

መቆንጠጫ ሲመረጥ ዋናው ጥያቄ ማይክሮፎኑ ስንት ይመዝናል የሚለው ብቻ አይደለም፤ ከመቆሚያው ምን ያህል ርቆ ይንጠለጠላል የሚለውም ጭምር ነው። በመድረክ ላይ በሰፊው የሚታወቀው የሹር ኤስኤም 58 ማይክሮፎን 298 ግራም ብቻ ነው። በሬዲዮና በፖድካስት ስቱዲዮዎች የሚወደደው ኤስኤም 7ቢ 765 ግራም ይመዝናል። የኖይማን ዩ 87 ግማሽ ኪሎ ነው፤ ባለ ላስቲክ ማቀፊያው ሲጨመርበት ይከብዳል።

0.9 ኪሎ ግራም የሚመዝን ማይክሮፎንና ማቀፊያ ከመቆሚያው ምሰሶ 80 ሴንቲ ሜትር ርቆ በአግድም ክንድ ላይ ቢንጠለጠል፣ በሌላኛው ጎን 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ሊያስተካክለው የሚችለው 2.4 ኪሎ ግራም ነው። ክንዱ የራሱ ክብደት ስላለው ስሌቱ ከዚህም ይብሳል። ቀላሉ መቆሚያ በዚህ ጊዜ ወይ ክንዱ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ይገለበጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከመቆሚያው ሦስት እግሮች አንዱን በትክክል ከክንዱ ሥር ማዞር፣ በእግሮቹ ላይ የአሸዋ ከረጢት ማስቀመጥ፣ ክንዱን የሚይዘውን መጠምዘዣም ክብደቱ እያጠበቀው እንዲሄድ በሚያደርገው ጎን ማሰር። ክንዱ በክብደቱ ሲወርድ መጠምዘዣውን የሚያላላ ከሆነ የተገጠመው ተገልብጦ ነው።

በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ የሚታሰሩ መቆንጠጫዎች ሌላ ጉዳይ አላቸው። ከመግዛት በፊት የጠረጴዛውን ውፍረት መለካት ያስፈልጋል፤ ወፍራም የእንጨት ጠረጴዛ በብዙዎቹ አፍ ውስጥ አይገባም። ሳሳ ባለ የችፑድ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ የመቆንጠጫው ትንሽ ክብ ጫማ ሲጠብቅ ሰሌዳውን ሰርስሮ ይገባል። ከሥሩ ጠፍጣፋ እንጨት ወይም ወፍራም ጎማ ማድረግ ጫናውን ያሰፋዋል። በስፕሪንግ ብቻ የሚነክሱት፣ የልብስ መቆንጠጫ የሚመስሉት ዓይነቶች ለቀላል ነገር ካልሆነ አይታመኑም። በመጠምዘዣ የሚጠብቁት ይሻላሉ፤ አናጢው ሞርሴቶ የሚለው ዓይነት መሆኑ ነው። የፎቶግራፍ ባለሙያዎች የሚያውቁት የማንፍሮቶ «ሱፐር ክላምፕ» ከ13 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ ይይዛል። አምራቹ 15 ኪሎ ግራም እንደሚችል ይናገራል፤ ለማይክሮፎን ከበቂ በላይ ነው።

ንዝረትን የሚቆርጠው ላስቲክ

ወለል ላይ የሚረግጥ እግር፣ በጎዳናው የሚያልፍ ከባድ መኪና፣ የጄኔሬተር ርግብግቢት፤ እነዚህ ሁሉ በመቆሚያው ብረት በኩል ወጥተው ወደ ማይክሮፎኑ ይደርሳሉ። «ሾክ ማውንት» የሚባለው ባለ ላስቲክ ማቀፊያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሆኖም ላስቲክ ስላለው ብቻ ሥራውን ይሠራል ማለት አይደለም። ለማይክሮፎኑ ክብደት የተመጠነ መሆን አለበት።

ይህን ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ማይክሮፎኑ ሲሰቀል ላስቲኩ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ማየት ነው። በ1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ፣ ማይክሮፎኑ በላስቲኩ ላይ በተፈጥሮው የሚወዛወዘው በሰከንድ 5 ጊዜ ገደማ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ዝቅ ካለ ግን በሰከንድ 16 ጊዜ ገደማ ይሆናል። ማቀፊያው መከላከል የሚጀምረው ከራሱ ውዝዋዜ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ከፍ ካለ ንዝረት ጀምሮ ነው። በንድፈ ሐሳብ ስሌት፣ በሰከንድ 30 ጊዜ የሚመጣ የወለል ንዝረት በመጀመሪያው ማቀፊያ በኩል 3 በመቶ ያህሉ ብቻ ሲያልፍ፣ በሁለተኛው በኩል ከ35 በመቶ በላይ ያልፋል። ለግዙፍ ማይክሮፎን የተሠራ ጠንካራ ላስቲክ ውስጥ ትንሽ ማይክሮፎን ማስገባት ጌጥ ብቻ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በተቃራኒው ከባዱን በቀጭን ላስቲክ መስቀልም ማይክሮፎኑ ወርዶ የብረቱን ቀለበት እንዲነካ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ መከላከያ የሚባል ነገር የለም።

ብዙዎች የሚዘነጉት ገመዱን ነው። ማይክሮፎኑ በላስቲክ ተንሳፎ፣ ወፍራሙ ገመድ ግን ከመቆሚያው ጋር ተወጥሮ ከታሰረ ንዝረቱ በገመዱ በኩል ያልፋል። ገመዱ ከማይክሮፎኑ ሥር ላላ ያለ ዙር ሠርቶ ከዚያ በኋላ ነው ከመቆሚያው ጋር መታሰር ያለበት።

በጅቡቲ፣ በበርበራ ወይም በምፅዋ ሙቀት ላስቲክ ቶሎ ይደርቃል፤ ፀሐይ ሲጨመርበት ይሰነጣጠቃል። ትርፍ ላስቲክ መያዝ፣ ማቀፊያውንም መኪና ውስጥ ጥሎ አለመሄድ ያስፈልጋል። ለችግር ጊዜ የልብስ ላስቲክ ሊተካው ይችላል፤ ከላይ የተገለጸው የመለኪያ ዘዴ ለእርሱም ይሠራል።

መሣሪያው ላይ መቆንጠጥ

በፋብሪካ የሚሠሩት አነስተኛ የመሣሪያ መቆንጠጫዎች በአብዛኛው የታሰቡት ለምዕራባውያን መሣሪያዎች ነው። ለምሳሌ ለድራም የሚሠራው መቆንጠጫ የብረት ጠርዙን ይነክሳል። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ግን እንዲህ ያለ ጠርዝ የለውም፤ ያለው የቆዳ ጠፍር ነው። እዚያ ላይ መቆንጠጥ ጠፍሩን ከማላላት በቀር ትርፍ የለውም። ለከበሮ የሚበጀው አጭር መቆሚያ ነው፤ ከበሮው በሚወዛወዝበት ጊዜ እንዳይመታው ጥቂት ራቅ ብሎ።

በክራርና በበገና ላይ ፈተናው ይለያል። ምሰሶዎቹና ቀንበሩ ለመቆንጠጫ የሚመቹ ይመስላሉ፤ አውታሮቹ የሚወጠሩት ግን በእነርሱ ላይ ነው። በቀንበሩ ላይ የታሰረ ብረት ቅኝቱን ሊያናጋ ይችላል፤ እያንዳንዱ የጣት እንቅስቃሴም በእንጨቱ በኩል ወደ ማይክሮፎኑ ይደርሳል። የበገና ልዩ መለያ የሆነውን እዝዝ የሚል ድምፅ የሚፈጥሩት በአውታሩና በበርኩማው መካከል የሚገቡት ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች፣ እንዝራዎቹ ናቸው። ይህ ድምፅ ረቂቅ ነው። ከላላ መቆንጠጫ የሚመጣ የብረት ርግብግቢትም ይመስለዋል፤ በኋላ በቅንብር ጊዜ አንዱን ከሌላው ለይቶ ማውጣት እጅግ ያስቸግራል። ስለዚህ ለበገና ማይክሮፎኑን ከመሣሪያው ነጥሎ፣ በራሱ መቆሚያ ላይ ከገበቴው ፊት ለፊት ማቆም ይመረጣል። የመቆሚያው መጠምዘዣዎችም ሁሉ መጥበቃቸውን መፈተሽ ያስፈልጋል። በጣት መቆሚያውን ቆርቆር አድርጎ በጆሮ ማዳመጫ ማድመጥ የላላውን ወዲያው ያጋልጣል።

የኬንያ ሉዎዎች ኒያቲቲ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያስነሳል። ስምንት አውታር ያለው ይህ መሣሪያ ተቀምጠው የሚጫወቱት ነው፤ ተጫዋቹ በእግሩ ጣት ላይ ባጠለቀው የብረት ቀለበት የመሣሪያውን እንጨት እየመታ ምት ይሰጣል። ምቱ የሙዚቃው አካል ስለሆነ መቅረት የለበትም። መቅረብ ያለበት ግን በአየር በኩል እንጂ በወለሉና በመቆሚያው ብረት በኩል አይደለም። ጥሩ ላስቲክ ያለው ማቀፊያ በዝቅተኛ መቆሚያ ላይ ሲሆን ምቱ ንጹሕ ሆኖ ይሰማል።

በሶማሊያ ሙዚቃ ትልቅ ስፍራ ያለው ካባን ቫርኒሽ የተቀባ ለስላሳ አካል አለው። በመድረክ ላይ ተጫዋቹ ስለሚንቀሳቀስ ተጣጣፊ አንገት ያለው ትንሽ መቆንጠጫ ግድ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ የመቆንጠጫው ከንፈሮች በጎማ ወይም በወፍራም ጨርቅ የተሸፈኑ መሆን አለባቸው። ባለቤቱ ሳይፈቅድም በማንም መሣሪያ ላይ ምንም ነገር አይታሰርም።

ከሰው ራስ በላይ

የመዘምራን ቡድን ወይም የአዳራሽ ጉባኤ ሲቀረጽ ማይክሮፎኖች ከላይ ይንጠለጠላሉ። ሁለቱን በአንድ አግድም ብረት ላይ የሚያስቀምጥ «ስቴሪዮ ባር» ለዚህ ይጠቅማል። ከፈረንሳይ ሬዲዮ የመጣው «ኦርቴኤፍ» የተባለ አቀማመጥ በማይክሮፎኖቹ መካከል 17 ሴንቲ ሜትር ርቀትና 110 ዲግሪ ማዕዘን ይጠይቃል። ባሩ ላይ መለኪያ ከሌለ በቀለም ምልክት ማድረግ በየቀረጻው ከመለካት ያድናል።

ሰው ከሥሩ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ግን በአንድ መቆንጠጫ ብቻ መተማመን አይገባም። መቆንጠጫው ቢለቅ ማይክሮፎኑን የሚይዝ ሁለተኛ ቀጭን የብረት ሽቦ፣ ከመቆንጠጫው ሳይሆን ከጣሪያው ብረት ወይም ከጠንካራ ምሰሶ ጋር መታሰር አለበት። የድምፁ ገመድ ይህን ሥራ አይተካም፤ የሶኬቱ መቆለፊያ ለመሸከም የተሠራ አይደለም።

አዳፕተር በሱቅ ከጠፋ ቶርኖ ቤት አማራጭ ነው። 3/8 እና 1/4 ለሠራተኛው የሚታወቁ ልኮች ናቸው፤ ፊለት ማውጫቸውም አይጠፋም። በአንድ ኢንች 27 ጥርስ ያለው 5/8 ግን በተለመደው ፊለት ማውጫ አይወጣም። ቶርኖው ላይ ተስተካክሎ መቆረጥ ስላለበት፣ ለናሙና የሚሆን ጤነኛ ማቀፊያ ይዞ መሄድና ሠራተኛው እዚያው እያስገባ እንዲሞክረው መጠየቅ ያስፈልጋል። ናስ ከብረት ይልቅ ለመቆረጥ ይቀላል፤ በባሕር ዳርቻ ከተሞች የጨው አየር ውስጥም አይዝግም።